ጉለሌ ውስጥ ብቸኛው የሶልቮ ተጠቃሚ

ስልኬን ላስተዋውቃችሁ። አታውቁትም። አይክፋችሁ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ማንም አያውቀውም። ሶልቮ ይባላል። ማለቴ፣ ሶልቮ የሚባለው ቀፎው ሳይሆን ውስጡ ተቀምጦ ሁሉን ነገር የሚያንቀሳቅሰው፣ ባለሙያዎቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ነገር ነው። የእናንተ ስልክ ወይ አንድሮይድ ነው፣ ወይ ደግሞ ያ ሰዎች ካፌ ሲገቡ ጀርባው እንዲታይላቸው ደፍተው የሚያስቀምጡት ውዱ ነው። የእኔ ከሁለቱም አይደለም። እኔ እስከማውቀው ድረስ በመላው ጉለሌ ሶልቮ የያዘ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። በዚህም ለተወሰነ ጊዜ ስኮራ ኖሬያለሁ።

የሸጠልኝ ሰው ከውጭ ዕቃ እያመጣ የሚቸረችር የሰፈራችን ልጅ ነው። ስለ ስልኩ ብዙ አላወራም። «ይሄ እንኳ ለሁሉም ሰው አይሆንም» አለኝና መልሶ ኪሱ ሊከተው ሲል እጁን ያዝኩት። እንደ እኔ ያለ ሰው ፊት ይህ ዓረፍተ ነገር አይነገርም። ሰፈሩ በሙሉ በሩን ግራጫ ሲቀባ እኔ ብርቱካንማ የቀባሁ ሰው ነኝ። የቀጨኔ ልጅ ሁሉ ከታወቁት የእንግሊዝ ክለቦች አንዱን ሲመርጥ፣ እኔ ጨዋታው በየትኛውም ቴሌቪዥን የማይተላለፍ የሦስተኛ ዲቪዚዮን ቡድን መርጬ፣ ማሸነፍ መሸነፉን እንኳ ሳላውቅ ስደግፍ የኖርኩ ነኝ። ስለዚህ ገዛሁ።

እውነት ለመናገር ስልኩ ግሩም ነው። ፈጣን ነው። ማስታወቂያ የለውም። ቫይረስ አይገባበትም ተብዬ ነበር፤ እውነትም አልገባበትም። ቫይረስ የሚሠሩት ሰዎችም ስለመኖሩ አልሰሙም። ምን አለፋችሁ፣ ስልኩ አንድም ጉድለት የለበትም፤ ምንም ነገር አለመሥራቱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከቨር ልግዛለት ብዬ አዲሱ ገበያ ሸምሱ ጋ ሄድኩ። ሸምሱ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፤ ሱቁ ውስጥ ከቨሩ የማይገኝ ስልክ የለም እየተባለ የሚወራለት ነው። ስልኬን ተቀብሎ ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ስልክ ነዋ።»

«እሱማ ይታያል። ምን የሚሉት ስልክ ነው?»

«ሶልቮ።»

ሸምሱ ለበሽተኛ እንደሚታዘንለት አዘነልኝና ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ ካርቶን ሙሉ ከቨር አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። አንዱ ጠበበ፣ አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ረዘመ። በመጨረሻ አንድ ልክ የሆነ ተገኘ፤ ካሜራውን ግን ድፍን አድርጎ ሸፈነው።

«ካሜራው ተሸፍኖ እንዴት ነው ፎቶ የማነሳው?» አልኩት።

«ቢያነሱስ በምን ሊልኩት ነው ጋሼ?» አለኝ።

ተናደድኩ። ግን ልክ ነበር። ፎቶ የምልክበት አፕ የለኝም። የባንኬ አፕ የለኝም። ሰው ሁሉ ታክሲ የሚጠራበት አፕ የለኝም። ባንኩ ሄጄ ብጠይቅ አንዲት ትሕትና የተላበሰች ሠራተኛ «ተጠቃሚው ሲበዛ ይሠራል» አለችኝ። ተጠቃሚ የሚሆኑት ሰዎች ደግሞ «የባንክ አፕ ሲኖረው እንገዛለን» ይላሉ። ይህን ነገር አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ የቆመ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ሚኒባሱ ባዶ ከሆነ ማንም አይገባም፤ ገብቶ እስኪሞላ ሲጠብቅ ይመሻላ! ማንም ስለማይገባ ደግሞ ባዶ ይሆናል። ሁለት ሰው ቁጭ ያለበት ሲመጣ ግን ተጋፍቶ ይሞላል። የሶልቮ ታክሲ ወንበሩ ቆዳ ነው፣ መስታወቱ ይብለጨለጫል፣ ሹፌሩ አይሳደብም። ውስጡ ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ዝም ብዬ፣ እስኪሞላ እጠብቃለሁ።

ከሁሉም የባሰው ግን የአማርኛው ጉዳይ ነው። ሶልቮ አማርኛ አያነብም። ከሀ እስከ ፐ ያለው ፊደላችን በሙሉ እርሱ ዘንድ ሲደርስ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይሆናል። አንድ ሰው «እንደምን አደርክ» ብሎ ቢጽፍልኝ የሚደርሰኝ የተደረደረ የመታጠቢያ ቤት ሸክላ ነው። ለአምራቾቹ በእንግሊዝኛ አቤት ብዬ ጻፍኩ። በጨዋ ደንብ መለሱልኝ፤ በአሁኑ ጊዜ በዚህ ቋንቋ በቂ ጠያቂ የለም አሉ። ጠያቂው እንዲበዛ ብዬ በሌላ ኢሜይል ደግሜ ጻፍኩላቸው። እስካሁን ሁለት ነን።

ይህን ሁሉ ችዬ እኖር ነበር፤ ያቃተኝ እድራችን ነው። የእኛ እድር ጥሩንባውን ሰቅሎ ስልክ ላይ ከገባ ቆይቷል። ሰው ሲሞት የእድሩ ጸሐፊ አልማዝ ግሩፑ ላይ ትለቀዋለች፤ ከዚያ ሁሉም ሥራውን ጥሎ ይመጣል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ያዘችኝ።

«ስማ፣ ከሰፈሩ ግሩፑ ውስጥ የሌላችሁት እማማ የሺና አንተ ብቻ ናችሁ። እሳቸው በእርጅናቸው ነው፤ አንተ በምንህ ነው?»

«በምርጫዬ» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ከላይ እስከ ታች አየችኝና ለሁለታችን ብቻ በተራ የጽሑፍ መልእክት እንደምትልክልን ነገረችኝ። የእማማ የሺ ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ያቺ የመሬት ንጣፍ ላይ ሃምሳ ጊዜ ወድቃ የምትነሳው፣ አማርኛ እንደ ዳዊት ደጋሚ ታነባለች። የእኔ እንደማያነብ ለአልማዝ አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ልንገራት? «ለሁሉም ሰው አይሆንም» ብዬ ስንት ጊዜ ፊቷ ጉራዬን ነዝቼ!

አሁን ስለ ደምሴ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው። ደምሴ ከእኛ በር ወረድ ብሎ፣ ታክሲ መንገዱ ዳር የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ከእኔ ጋር ያደረ እርሱ ነው። የእንጨት አግዳሚ ላይ ተኝቶ ወገቡን ይዞት፣ ጠዋት ጠዋት እየተንፏቀቀ ተነስቶ ለለቀስተኛ ውሃ ሲያቀርብ አይቻለሁ። ለዚህ ሰው ሌላው ቢቀር የእርሱን ሐዘን መድረስ ግዴታዬ ነበር። እግሬ ቢሰበር በቃሬዛ መድረስ ነበረብኝ። እናቱ እትዬ በላይነሽ ደግሞ እኔንም እንደ ልጃቸው ይቆጡኝ ነበር፤ ያንን ብርቱካንማ በር ባዩ ቁጥር «ምን አስቀይሞህ ነው አንተ?» ይሉኛል።

በዚያ ሰሞን ሰፈሩ የደምሴን ልጅ ሠርግ እየጠበቀ ነበር። አንድ ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ባለቤቴ ደግሞ የወለደች እህቷን ለማረስ ኔትወርክ የማይደርስበት ገጠር ሄዳለች። እርሷ ብትኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ትዳር ለምን እንደሚጠቅም ከገባኝ ቀናት አንዱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ስልኬ ጮኸ። ከአልማዝ ነው። ብዙ አራት ማዕዘን። ረዘም ያለ ነው፣ መሃሉ ላይ አንድ ቁጥር 9 አለ። አሰብኩ። ሠርጉ ደርሷል፤ ስለዚህ የሠርጉ ጉዳይ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለዝግጅቱ ስብሰባ ቢጤ ይኖራል። እንዲህ ያለ ብልህነት ከየት እንደሚመጣልኝ አላውቅም። ሶልቮ ደግሞ መልእክት ሲደርሰኝ እንዳልቸገር ብሎ ከታች ሦስት ዝግጁ መልሶችን በሥዕል ይደረድርልኛል። እርሱም እንደ እኔ ምን እንደተጻፈ ሳያነብ ማለት ነው። ያን ቀን የደረደረልኝ የምትጨፍር ሴት፣ የሚያጨበጭቡ እጆችና ፊኛ ነበር። ደስ አለኝ። ሦስቱንም ላክሁ።

ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። ዊንጌት አካባቢ መኪና መንዳት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ተማሪ ስለሚበዛ የዘጠኝ ሰዓቱ ስብሰባ ያልፈኛል። ታክሲው በደምሴ በር ሲያልፍ የእድሩ ድንኳን እየተተከለ ነው። ጎረምሶች ብረቱን ይዘዋል፣ ሸራው ይወጠራል። ደምሴ መሃል ላይ ቆሟል። «አይ ደምሴ፣ ሳምንት ቀድሞ ድንኳን!» አልኩ በልቤ፤ ነገር ቀድሞ ማዘጋጀት ይወዳል። መስኮቱን ከፈትኩና አንገቴን አውጥቼ፣ ሳንባዬ በቻለው ሁሉ ጮህኩ።

«ደምሴ! እንኳን ደስ ያለህ! ዘንድሮ እግራችን እስኪነቀል ነው የምንጨፍረው!»

ደምሴ ቀና ብሎ አየኝ። ሸራ የሚወጥሩት ልጆች እጃቸው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ታክሲው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት ሴትዮ አማተቡ። ትራፊክ ፈርተው መሰለኝ።

ቀኑን ሙሉ ተማሪዎቼን ስለ ጥንቃቄ አስተማርኩ። መስታወት ተመልከቱ አልኩ። ዙሪያችሁን ሳታዩ አትንቀሳቀሱ አልኩ። ማስተማር ላይ ችግር የለብኝም።

ወደ ማታ ስመለስ ድንኳኑ ሰው ሞልቶበታል። ሠርጉ እንዴት ያለ ቢሆን ነው ከሳምንት በፊት እንዲህ የሚሞላው ብዬ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ክሬም ሱፌን ለበስኩ። ቀይ ከረቫት አሠርኩ። ለሙሽሪት የገዛሁትን ብርድ ልብስ፣ ያ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ በትልቅ ወርቃማ ሪባን የታሠረውን፣ ታቅፌ ወረድኩ። የድንኳኑን ሸራ በክርኔ ገለጥ አደረግሁና ገባሁ።

«የታለ የሙሽሪት አባት!»

በሕይወቴ ብዙ ዓይነት ጸጥታ ሰምቻለሁ፤ የዚያ ዓይነቱን ግን አልሰማሁም። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል። ከፊት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ጧፍ በርቷል፤ ከጧፉ አጠገብ ፎቶ አለ። ፎቶው ውስጥ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ያንን ብርቱካንማ በሬን እንደሚያዩት ያዩኛል።

ደምሴ ከፎቶው ጎን ተቀምጧል። ዓይኑ አብጧል። አየኝና መልሶ መሬት መሬት አየ።

ከነብርድ ልብሴ አንዱ አግዳሚ ጫፍ ላይ ወደቅሁ። ጥቅሉን ከአግዳሚው ሥር ልደብቀው ብሞክር አልገባ አለ። ስገፋው ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል፤ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ሰው ይዞራል። በመጨረሻ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ሪባኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እውነተኛ ለቅሶ ነበር፤ ሴትዮዋን እወዳቸው ነበር። ግን ክሬም ሱፍ ለብሶ፣ ስጦታ ታቅፎ የሚያለቅስን ሰው ማን ያምናል?

አልማዝ አጠገቤ መጥታ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«መልእክቱ አልደረሰህም?»

«ደርሶኛል።»

«ከፍተህ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«‹እትዬ በላይነሽ አርፈዋል፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት መድኃኔዓለም ነው› የሚለውን?»

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ላይ ያለው የሞት መርዶ ነው። ታች፣ በእኔ ስም፣ የምትጨፍር ሴት። ጭብጨባ። ፊኛ። ፎቶ ተነስቶ ግሩፑ ላይ ተለጥፏል። ሰፈሩ በሙሉ አይቶታል፤ ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ግሩፑ ውስጥ የለሁማ።

በማግስቱ በጠዋት ልብሴን ቀይሬ ድንኳኑ ውስጥ ላግዝ ሄድኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። የእኛ ሰፈር ድንኳን ውስጥ ሰው በሁለት ይከፈላል። እንግዳ ይስተናገዳል፤ ጎረቤት ይታዘዛል። ጎረቤት ከሆንክ ገና ሳትቀመጥ «አንተ፣ ጆጉን አምጣ! ወንበር አቀብል! ምን ይገትርሃል?» ትባላለህ። ሰው የሚጮህብህ የራሱ ስለሆንክ ነው።

ጆግ ሳነሳ አንዱ ልጅ ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደው። «ይቀመጡ» አለኝ። አግዳሚ ልይዝ ስል ሌላው ቀደመኝ። «አይልፉ፣ ይቀመጡ።» የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወርቁ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ «አንተ ቀልበ ቢስ» ብለው የሚጠሩኝ ሰው፣ እጅ ነስተው «እዚህ ይሻልዎታል» አሉኝ። እርስዎ! ንፍሮው ሲዞር መጀመሪያ ለእኔ ቀረበ። ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ለእኔ። ቢሰድቡኝ እችል ነበር። ቢያባርሩኝ ነገ እመለስ ነበር። በጨዋ ደንብ አስተናግደው ገደሉኝ። ደምሴ ደግሞ አንዴም ወደ እኔ አልዞረም።

እዚያ ተቀምጬ ንፍሮዬን እየቆረጠምኩ ሶልቮ ለምን እንዳልተሳካለት ገባኝ። አምራቾቹ የሚያስቡት ስልክ ዕቃ ነው ብለው ነው። ስልክ እድር ነው። አንድ ሰው ምርጥ ድንኳን፣ ምርጥ ድስት፣ ምርጥ ወንበር ገዝቶ ብቻውን እድር ቢያቋቁም፣ ዕቃው ምንም አይወጣለትም፤ የሞተ ቀን ግን የሚሸከመው የለም። ሰው ወደ አንድ እድር የሚገባው ድንኳኑ አማረኝ ብሎ ሳይሆን ጎረቤቱ እዚያ ስላለ ነው። እኔ የአንድ ሰው እድር አባል ነኝ። ሊቀመንበሩም፣ ጸሐፊውም፣ ሟቹም እኔው።

በሠልስቱ ቀን፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ እማማ የሺ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ምን ነክቶህ ነው እንዲህ ያለ ነገር የላክኸው?»

«እማማ፣ ስልኬ አማርኛ አያነብም።»

«አይ፣ ውሸቱስ ይቅርብህ።»

«መድኃኔዓለምን! ይዩት» ብዬ ሰጠኋቸው።

እማማ የሺ ስልኩን እንደ እባብ በሁለት ጣት ይዘው ሄደው ጋሽ ወርቁ እጅ ላይ አኖሩት። እርሳቸው ለአንዱ፣ አንዱ ለሌላው፣ ድንኳኑን ዞረ። አልማዝ ይህን ነገር ሳታጣራ የምታልፍ ሰው አይደለችም፤ ካለችበት ሆና አንድ መልእክት ጻፈችልኝ። ስልኩ ጮኸ። ያን ጊዜ ደምሴ እጅ ላይ ደርሶ ነበር።

ደምሴ መስታወቱን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከቅዳሜ ማታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ይላል?» አለኝ፣ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ።

አየሁት። ሁለት አጫጭር ረድፍ አራት ማዕዘን።

«አላውቅም ደምሴ» አልኩት። «ቅዳሜም አላወቅሁም። ይቅር በለኝ።»

አልማዝ ጉሮሮዋን ጠረገች። «‹ይቅርታ ጠይቅ› ነው የሚለው» አለች።

አንድ ሁለት ሰው ጋቢው ውስጥ ፊቱን ቀበረ። ጋሽ ወርቁ «ታዲያ ይህን ጉድ ሸጠህ አትገላገልም?» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ራሳቸው «ለማን ይሸጠዋል?» ብለው መለሱ። ደምሴ ግን አልሳቀም።

«አማርኛ ካላነበበ ለምን ገዛኸው?»

«ከሰው ልለይ ብዬ።»

«ተሳክቶልሃል» አለኝ። ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ለመሄድ ተነሳሁ። ልቤ ተሰብሮ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው አጥቼ እንዴት እንደምኖር አላውቅም ነበር። ድንኳኑ መፍረስ ጀምሯል። ጎረምሶቹ ብረቱን ይነቅላሉ፣ ሴቶቹ ድስት ይቆጥራሉ፣ እኔን «ደህና ይሁኑ» እያሉ በአክብሮት ያሳልፉኛል። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ።

«አንተ!»

ዞርኩ። ደምሴ የአንዱን ረጅም አግዳሚ አንድ ጫፍ ይዞ ቆሟል። ሌላው ጫፍ መሬት ላይ ነው። ፊቱ በንዴት ቀልቷል።

«የት ነው የምትሄደው አንተ ደደብ? ይህን ሁሉ አግዳሚ እኔ ብቻዬን ልሸከመው ነው? ናና ያዝ!»

ሮጥኩ። ያዝኩ። ወገቤን ቀጭ አደረገው፤ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። አግዳሚውን ይዘን ወደ እድሩ መጋዘን ዳገቱን ስንወጣ ደምሴ ከፊት ሆኖ መንገዱን ሁሉ «ከፍ አድርገው! ከፍ! ዓይንህን ክፈት!» እያለ ይጮህብኝ ነበር፤ እኔም ከኋላ ሆኜ እንባዬ እየወረደ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ።